እህቴ ያልሠራችው ጎሜ

የእህቴ አማት ክፉ ሴት አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ንዴቴ ይቀድመኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ታላቅ እህቴ ከተማው ውስጥ፣ ሴቻ፣ ቢሮ የሚሠራ የዶርዜ ልጅ አግብታ ነበር፤ እኛ ቆላው ላይ፣ ላንቴ መንደር፣ ሙዝ እናለማለን። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ አስወረዳት። ሦስተኛውን ስትይዝ አማቷ ቆጮና ቅቤ ተሸክመው ከደጋ ወረዱ። ሆዷን እየዳበሱ አለቀሱ። "ልጄ፣ ይሄ ጎሜ ነው። የደበቅሽው ነገር አለ። ተናገሪውና ልጅሽ ይትረፍ" አሏት።

ጋሞ ያደገ ሰው ጎሜን ይፈራል። ደንብ የጣሰ ሰው ቤት በሽታና ሞት ይገባል፤ መድኃኒቱ ጥፋቱን በሽማግሌ ፊት ማውጣት ነው። እኛ ጴንጤዎቹ እንኳ እሑድ ዘምረን ሰኞ ጎሜ እንፈራ ነበር።

እህቴ ግን የምታወጣው ነገር አልነበራትም። ሰው አስቀይሜ ይሆን? ድንበር ገፍቼ ይሆን? ስታስብ ከረመች። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አፍ አፏን ሲያዩ ጨነቃት። ልጁ እንዲቆይላት ምን የማትለው ነበር! "ከጋብቻዬ በፊት ሌላ ወንድ አውቅ ነበር" አለች። ውሸቷን እኮ ነው! ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መረቋት። ባሏም መሬት መሬት እያየ አሜን አለ።

ብዙም ሳይቆይ ያም ፅንስ ወረደ። ባሏ ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ብቻ አብሯት መብላት ተወ። "ውሸቴን ነበር" ስትለው "የቱን?" አላት። አልቻለችም፣ ላንቴ እኛ ጋ ተመለሰች። እውነቱን እንዲያስረዱልኝ ሽማግሌ ልላክ ስትል ሲቀላ ገበያ ላይ አፈሳ ሆነ። ባሏንም ከሰዉ ጋር መኪና ላይ ጭነው ወደ ጦር ሜዳ ወሰዱት። በዚያው ቀረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ፣ ሥልጠና ላይ አንድ ነገር ሰማሁ። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የጥንት አያቶቻችንን የያዙ ቫይረሶች ቅሪታቸው ዛሬም በዘራችን ውስጥ አለ። ቅሪቱ እንደ መብራት ማብሪያ ሆኖ አጠገቡ ያለውን ዘረመል ሥራ ይለዋል፣ ተኛ ይለዋል። ፅንስ የሚመግበው የእንግዴ ልጅ እንኳ በደንብ የሚያድገው ከቫይረስ በወረስነው ዘረመል ነው፤ እሱ ከተዛባ እርግዝናም ሊበላሽ ይችላል። ደሜ ፈላ። እንደዚያው እየነደድኩ ቤት ገባሁ።

እህቴ ለወጥ የሚሆን የሺፈራው ዛፍ ቅጠል ትቀነጥብ ነበር። "እትዬ" አልኳት፣ "ያንቺ ምክንያት ይሄ ይሁን ሌላ ማንም አያውቅም። ግን ሰው ሰው ሳይባል በፊት የገባ ነገር እንዲህ ማድረግ እየቻለ፣ አንቺን ተናዘዢ አሉሽ!"

መቀንጠቧን ሳታቆም ሰማችኝ። ከዚያ "እኔማ ሦስተኛውን የገደለው ውሸቴ ይመስለኝ ነበር" አለች። "ለሽማግሌ መዋሸትም ጎሜ ነው።"

ወይኔ! ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቤት እየኖርን፣ ከአንድ ገበታ እየበላን፣ ልጄን ገደልኩ ብላ ኖራለች። እንባዬ አመለጠኝ። "አይደለም እትዬ፣ በፍጹም አይደለም!" አልኳት።

እፎይ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇ ቅጠሉ ላይ ቆመ።

"እኔስ ሰማሁ" አለች። "ለባሌስ ማን ይነግርልኛል?"