ከአባቴ ጎን የሚራመደው ሰው

ባለፈው ወር በገበያ ቀን ሆሳዕና ነበርኩ። አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ ድምፅ ማጉያ ይዛ፣ ከገጠር ለመጡ ገበያተኞች ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ታስረዳለች። «ሰውነታችሁን አንቀሳቅሱ፤ በእግራችሁ ሂዱ» ስትል፣ የቆጮ ሸክማቸውን ገና ያላወረዱ አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ በምን የመጣሁ መሰለሽ?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁት። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ቶሎ ቀዘቀዘ፤ አባቴና ጴጥሮስ ትዝ አሉኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ ጋሽ በርጋ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሆሳዕና ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ያኔ በእግሩ የሚሄደው ድሃው ነው፤ ያለው በቅሎ ይጭናል። አባቴም ከቤቱ እስከ ባንኮኒው ካልሆነ በእግሩ አይሄድም። የሚወደው መሐሉ ላይ ቅቤ የተኛበት የቡላ ገንፎ ነበር፤ ከዚያ ላይ ሻይ፣ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር እስኪረጋ ድረስ።

ውሃ ጥሙ ሲጠናበትና የእግሩ ቁስል አልድን ሲል ወደ ክሊኒክ ሄደ። ስኳር መሆኑን የነገረው ቁስሉን የሚያጥብለት ድሬሰሩ ጴጥሮስ ነው፤ የሺንሺቾ አገር ልጅ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይርቅ። «ስኳሩን ይተዉ፣ ቅቤውን ይቀንሱ፣ ጠዋት ጠዋት በእግርዎ ይሂዱ» አለው። እኔ ስኳሩ ይቀነስ ስል «ልታስርበኝ ነው?» ብሎ የሚቆጣው አባቴ፣ ለጴጥሮስ «እሺ ልጄ» አለ።

አባቴ ብቻውን በእግሩ መታየት አፍሮ ነበርና ጴጥሮስ በማለዳ በራችን ድረስ ይመጣል። «አባባ፣ ይነሡ እንጂ!» ይላል። አባባ የምንለው እኛ ልጆቹ ነበርን።

«እኔም ልምጣ?» አልኩ አንድ ቀን።

«ሱቁን ማን ይከፍታል?» አለኝ አባቴ።

ከሱቁ ደጃፍ ሆኜ ወደ ሀቢቾ በሚወስደው መንገድ ሲወርዱ አያቸዋለሁ። የክረምቱ ጭጋግ ከእንሰቱ ላይ ገና አልተነሣም። ሳቃቸው ግን ይሰማኛል። አባቴ ከእኔ ጋር ስቆ አያውቅም ብል ማጋነን ይሆናል፤ እንዲያ ሲስቅ ግን አላየሁትም።

በአንድ የበዓል ቀን ሱቅ ስላልተከፈተ ተከተልኳቸው። መንገዱ በእንሰት አጥሮች መሐል ጠባብ ነውና ከኋላ ቀረሁ። የአባቴ ደንበኛ የሆኑት ገበሬ አቶ ላፌቦ ከአጥራቸው ሥር ቆመው አዩን።

«ጋሽ በርጋ በእግሩ! ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ወዴት ነው?»

«የትም። ሄጄ ልመለስ ነው።»

በአገራችን መርዶ በመንገድ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚረዳው፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም «ምንም የለም» ይላል። የአቶ ላፌቦ ወንድም ደግሞ ክሊኒክ ተኝቶ ነበር። ሰውየው አንድ ጊዜ አባቴን፣ አንድ ጊዜ ድሬሰሩን አዩና «ወይኔ ወንድሜን!» ብለው መሬት ላይ ወደቁ። ጎረቤት ከየቤቱ ጋቢውን እያዘቀዘቀ ወጣ፤ ሴቶቹ ደረት መምታት ጀመሩ።

አባቴ በላብ ተጠመቀ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ከዛሬ በኋላ ለመራመድ አይወጣም፣ ጴጥሮስም በራችን አይመጣም ብዬ ነበር።

«ወንድምዎ ደህና ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት አጥሚት ጠጥተዋል!» እያለ ጴጥሮስ ይምላል፤ የሚሰማው የለም። በመጨረሻ አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኧረ የታመምኩት እኔ ነኝ! መድኃኒትህ መራመድ ነው ተብዬ ነው!» አለ። መታመሙን በሰው ፊት ሲናገር ያን ቀን መጀመሪያው ነበር።

ለቅሶው ቆመ። አቶ ላፌቦ ዓይናቸውን ጠርገው «መራመድ መድኃኒት ከሆነ እኛ ለምን እንሞታለን?» አሉ።

«እናንተማ መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ነው» አለ ጴጥሮስ። «ልጆቻችሁ ባለሱቅ ሲሆኑ እንዳያቋርጡት ምከሩልኝ።»

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ከመሳቁ ብዛት መቆም አቅቶት በጴጥሮስ ትከሻ ተደገፈ። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። ትከሻ እኔም ነበረኝ።

ወሬው ከተማ ሲገባ በበቅሎ የሚሄዱ ሌሎች ነጋዴዎችም ጠዋት ጠዋት አብረዋቸው መውጣት ጀመሩ። በበጋው ጴጥሮስ ወደ አዲሎ ተዛወረ። በማግስቱ አባቴ «ና እንሂድ» አለኝ። የጓጓሁለትን ቦታ አገኘሁ፤ ከጎኑ ሆኜ ሄድኩ።

«ሱቁን ቆልፈሃል?» አለኝ።

«አዎ።»

እስክንመለስ ሌላ አልተናገረም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ መራመዱንም አልተወም። ሲቀበር ጴጥሮስ ከአዲሎ መጥቶ «አባባ!» እያለ አለቀሰ። የማያውቁን ሰዎች ከእኔ በፊት እሱን አጽናኑት።

ዛሬ እኔም ስኳር አለብኝ፤ በየማለዳው እራመዳለሁ። የጎረቤቴ ልጅ፣ ታክሲ ነጂ ነው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አብሮኝ ይሄዳል። በቀደም ስንመለስ ልጄ ሊጠይቀኝ መጥቶ በር ላይ ቆሞ አገኘነው።

«አባዬ፣ ምን ያስቃችኋል?»

«ምንም» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ እሱ ግን አላመነኝም። የዓይኑን አስተያየት አወቅሁት፤ የድሮው የእኔ ነበር።

ከሌላ ሰው ልጅ ጋር መሳቅ ይቀላል፤ ነገ ምን ይሆን ብለን አንጨነቅበትም። አባቴም እንዲሁ ሆኖበት ይሆናል። ይህን መረዳቴ ግን በጴጥሮስ መቅናቴን አላስቀረልኝም።