ባለጆሮው የሞተሩን ልብስ ያስገፈፈ ዕለት

ባለጆሮው ይሉታል። የታክሲ ሹፌር ነው። ተራው ላይ የአንዱ መኪና ድምፅ ከተበላሸ፣ ሹፌሮቹ መካኒክ ከመፈለጋቸው በፊት እሱን ይጠሩታል። ኮፈን ሳያስከፍት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «ኩሽኔታ ነው» ወይም «አንዷ ካንዴላ ሞታለች» ብሎ ወደ ሻዩ ይመለሳል። ተሳስቶ አያውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሲሳሳት ግን ማንም አያስታውስበትም ነበር። ስም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ያ ጆሮ ከዳው። ሲጀምረው እንኳ የሚያስቅ ነበር። አብራው ያረጀችው መኪናው በድንገት ዝም አለችለት፤ ቫልቮቿ መንጫጫታቸውን ተዉ፣ ማርሿም ማጉረምረሙን። ደስ ብሎት የሚስቱ ወንድም ወደሆነው መካኒክ ሄደና፣ ምን ብታደርግላት ነው እንዲህ የታደሰችው፣ እጅህ ይባረክ አለው። መካኒኩ ዘይት ከመቀየር ሌላ የነካው ነገር አልነበረም። ምርቃት ማን ይጠላል፣ አሜን ብሎ ተቀበለ። ባለጆሮው ነገሩ የገባው፣ አንድ ጠዋት ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አፏ ሲንቀሳቀስ አይቶ ድምፁን ያጣው ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ መደበቅ ሥራው ሆነ። ተሳፋሪው የሚሄድበትን ሲናገር በስፖኪዮ አፉን ያያል። ያልገባውን ሁሉ «እሺ» ብሎ ያልፋል፤ እሺ ያለ ሰው ከማን ጋር ይጣላል? ሐኪም ዘንድ ዝር አላለም። ሐኪም ከጻፈ መንጃ ፈቃዱ ይሄዳል፣ መንጃ ፈቃዱ ከሄደ ደግሞ ከመሪ ሌላ የጨበጠው ሙያ የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እሱም ሰምቷል፣ ያኔ ጆሮ እያለው።

ሚስቱ ግን የመሰላት ሌላ ነው። አስም ያለባት፣ ድምፅዋ ቀጭን ሴት ናት። ፊት ለፊቱ ሆና ስታናግረው ይመልስላታል፣ ከኋላው ስትጠራው ዝም። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ፣ በስተርጅና ናቀኝ ብላ ለወንድሟ አለቀሰችለት። እሱ እንዳይታወቅበት ይሸሻታል፣ እሷ ሲሸሻት አይታ ትከፋለች። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ያቺን ቃል ግን ከአፉ ማን ያውጣት! ኩርፊያው ከረመ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣለት። ድሮ የተሠራ መኪና ኮፈኑ ሥር፣ እንዲሁም ሞተሩን ከተሳፋሪው በሚለየው ላሜራ ላይ፣ ድምፅና ሙቀት የሚያፍን ወፍራም ጨርቅ አለ። ያ ጨርቅ ቢነሳ፣ ጆሮው ውስጥ የቀረችው ጥቂት ነገር ሞተሩን ትይዝለት ይሆናል ብሎ አሰበ። መካኒኩ ጋራዥ ሄደና አንሳልኝ አለው። ለምን ቢለው፣ ሞተሩ እንዲተነፍስ ነው አለ።

መካኒኩ ምላሱ የማያርፍ፣ ግን ለሥራው የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ ጥቅምና ጉዳቱን አንድ በአንድ ነገረው። የኮፈኑ ጨርቅ ቢነሳ እንኳን ደስ አለን፣ ዘይት ስለጠጣ እሳት ቢነካው እንደ ጧፍ ነው የሚነደው። የሚንጠባጠብ ነገር ቶሎ ይታያል፣ እጅም እንደልብ ይገባል። ቀለሙ በሙቀት መላጡ ግን አይቀርም፤ እሱ ይሁን፣ ከአንተም ከእሷም መልክ የሚፈልግ የለም አለው። የላሜራው ግን ሌላ ጣጣ አለበት። እግር ይቃጠላል፣ ጩኸቱ ተሳፋሪ ያባርራል፣ ሽቦ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ላይ ያለው የጎማ ውታፍም ደርቆ ከጨርቁ ጋር ስለተጣበቀ አብሮ ይነቀላል። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ደግሞ መገጣጠሚያው ላይ ጭስ ይተፋል።

«የኮፈኑን ላንሳልህ፣ የላሜራውን ተወው» አለው።

ባለጆሮው ሁሉንም ከአፉ ላይ ለቅሞ ሰማ፣ መዘነም። ግን ከመካኒኩ ጥቅሞች አንዱም የእሱ አልነበረም። የእሱ ጥቅም አንድ ብቻ ነበረች፣ እሷንም ለማንም መናገር አይችልም። ሁለቱንም አንሳ አለው።

መካኒኩ እያጉረመረመ ገፈፈው። ሲጨርስ መኪናዋ ሥር ገብቶ ማርሚታውን እያየ ተናገረ፤ አዲስ ውታፍ ገዝቼ ቀዳዳዎቹን እስክደፍን እንዳታንቀሳቅሳት፣ ጭሱ ውስጥ ይገባል፣ ሰማኸኝ? ባለጆሮው ሁለት እግር ብቻ ነበር የሚያየው። እግር ደግሞ አፍ የለውም። ሰውየው አንድ ነገር ሳይል እንዳልቀረ ጠርጥሮ እንደ ልማዱ «እሺ፣ እሺ» አለ። መካኒኩም ወጥቶ እጁን ጠራርጎ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ።

ባለጆሮው ቁልፉን አዞረ። ሰማ! ቫልቮቹ ተንጫጩ፣ ያቺ ያረጀች የውሃ ፓምፕ ሳትቀር አቃሰተች። መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤቱ ነዳ። ሚስቱ የታመመች እህቷን ለመጠየቅ ስትነሳ ስትቀመጥ ሰንብታለች፣ ዛሬ እኔ አደርስሻለሁ አላት። ኩርፊያ ላይ ናትና ጋቢናውን ትታ ከኋላ ገባች። በእሷ በኩል ያለው መስኮት እጀታው ከተሰበረ ቆይቷል፣ አይከፈትም። እሱ እንደ ልማዱ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ አየሩ ፊቱን እየመታው ነዳ።

መንገዱ ዳገት ነው። በየማርሹ የምትሰጠው ድምፅ እንዴት ያለ ነው! ስንት ጊዜ ሙሉ ዓይኑን ከስፖኪዮ ነቅሎ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን አንዴም ቀና ብሎ አላየበትም። ለምን ብሎ፣ ጆሮው ተመልሶለት የለ? ሦስተኛው ማርሽ ላይ አንዲት ቫልቭ ስትንኳኳ ሰምቶ፣ ነገ አስተካክልሻለሁ ብሎ እንደ ልጅ አባበላት።

እህቷ በር ላይ ደርሶ ሞተሩን አጠፋ። ውረጂ ሊላት ሲዞር ከንፈሯ ጠቁሮ፣ አንድ እጇ የተሰበረውን የመስኮት እጀታ እንደያዘ ጋደም ብላ አገኛት።

ሆስፒታል ካደረሳት በኋላ መካኒኩ እየሮጠ መጣና ደረቱን ጨምድዶ ያዘው፤ እንዳታንቀሳቅስ አላልኩህም፣ እሺ አላልከኝም እያለ ጮኸበት። ባለጆሮው አፉን እያየ ቃል በቃል ተረዳ። እሺ ማለቱንም አስታወሰ።

ሚስቱ አልጋው ላይ ዓይኗን ገለጠች። የኦክስጅን ጭንብል አፍና አፍንጫዋን ሸፍኗል። እሱን አይታ፣ ከጭንብሉ ሥር የሆነ ነገር ስትናገር ጉንጯ ሲንቀሳቀስ ያያል። ጎንበስ አለ፣ ከንፈሯን ፈለገ፣ የሚያየው ግን በትንፋሿ የላበ ላስቲክ ብቻ ነው። እሺ ሊላት ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ተወው። ወደ መካኒኩ ዞሮ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸውን ነገር ተናገረ።

«ምን አለች? እኔ አይሰማኝም። ከስንት ጊዜ ጀምሮ አይሰማኝም።»

መካኒኩ ሁለት ትከሻውን ይዞ፣ ፊት ለፊቱ አዞረውና ቀስ እያለ ነገረው።

«‹ከዳገቱ ጀምሮ ጠራሁህ። ሳትመልስልኝ ስትቀር አኩርፎኛል ብዬ ተውኩት› አለች።»

ባለጆሮው ሊያስረዳት ወደ አልጋው ዞረ። ዓይኗን ጨፍናለች። ጆሮዋ ላይ ተደፍቶ አይሰማኝም እኮ፣ አይሰማኝም እኮ እያለ ደጋገመላት። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ሳትገልጥ አረፈች፤ አልመለሰችለትም።