የዘገየ መርዶ

ታዘበው ጎረቤቴ ነው። ቢቸና፣ አስፋልቱ ዳር፣ አንድ በረንዳ ላይ እኔ የስፌት መኪናዬን ይዤ በቀኝ፣ እሱ ጫማውን ይዞ በግራ እንውላለን። ዘርፈሽ እባላለሁ። ምላሷ አያድርስ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። እሱ ግን ሰው የሚያስቀይም ቃል ከአፉ አይወጣም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። እናቱን ከቀበረ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚናገር ነገር ራዲዮኑ ብቻ ነው።

ጓደኛ ግን ነበረው። አንድ። እሱም ሞጣ።

ታዘበው ጎረምሳ ሳለ ሞጣ ሄዶ ጫማ ይሰፋ ነበር። በዚያው ሰሞን ከማሉዲን የሚባል የነጋዴው የሐጂ አብዱልዋሂድ ልጅ የስኬቲንግ ሱቅ ከፈተ። ሞጣ ያኔ አስፋልት አልነበራትም። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ በሆነ ከተማ ውስጥ ባለ ጎማ ጫማ የሚያከራይ ሱቅ! ሰው ሁሉ ሳቀበት። አባቱ ሳይቀሩ «ልጄ ውሃ በሌለበት አገር ጀልባ ገዛ» ይሉ ነበር አሉ።

ጫማዎቹ ከመርካቶ በጆንያ የመጡ አሮጌዎች ናቸው። ማሰሪያው የተበጠሰ፣ ቆዳው የተቀደደ፣ ጎማው የማይዞር። ከማሉዲን አንዱን አንጠልጥሎ ታዘበው ፊት አስቀመጠ።

«ይሄ ምኑ ጫማ ነው? መኪና ነው እንጂ» አለው ታዘበው።

«አንተ ስፋልኝ ብቻ፤ አብረን እንወድቃለን።»

እንዳለውም አብረው ወደቁ። የሐጂን ባዶ የእህል መጋዘን ጠረጉና በሲሚንቶው ላይ ተያይዘው ሲንከባለሉ ከረሙ። ታዘበው ከዚያ በኋላ መንገድ ዳር ይሰፋበት ወደነበረው ጥላ አልተመለሰም፤ ሱቁ ውስጥ አንድ ጥግ ተሰጠው። አንዱ ያከራያል፣ አንዱ ይሰፋል። ምሳቸውንም እዚያው። የታዘበው እናት ታምማ ወደ ቢቸና ሲመለስ፣ ከማሉዲን የስኬቲንጎቹን ግማሽ በዚያው በመጡበት ጆንያ አሸክሞ ሸኘው። በረንዳችን ላይ ተሰቅለው የምታዩዋቸው እነዚያ ናቸው። አሁን አስፋልቱ ስላለ ልጆች ይከራዩአቸዋል፤ የእኔን ደንበኛ እየገጩ።

ስለ ሽሮው ልንገራችሁ። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ እንደማይገናኝ ታውቃላችሁ። ከማሉዲን በየዓመቱ ለፋሲካ ቢቸና ይመጣ ነበር፤ ታዘበውም ለዓረፋ ሞጣ ይሄዳል። ታዲያ ይህ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ጾሞ፣ አገር ዶሮና በግ ሲበላ፣ እሱ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ ሰማያዊ ብረት ድስት ሽሮ ይሠራል! ከእንግዳው ጋር ሊበላ።

«አንተ፣ ጾሙ አልተፈታልህም እንዴ?» እለዋለሁ።

«ሥጋው የትም አይሄድም፣ እትዬ» ይለኛል። ሞጣም የከማሉዲን ሚስት ኸይራት ለዓረፋ ለእሱ ምስር ትሠራለች። እንዲህ ሆነው ስንት ዓመት ኖሩ።

ከዚያ አገሩ ሰላም ሲያጣ መንገዱ መዘጋት ጀመረ፤ ኔትወርኩም ጠፋ። ታዘበው ስልኩን በሸሚዙ ኪስ ይዞ እየዋለ፣ አንድ ጫማ በሰፋ ቁጥር ያወጣና ያየዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ሲነጋገሩ ከማሉዲን ሆዴን ትንሽ አሞኛል ብሎት ነበር።

መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ሲከፈት መናኸሪያ ወረደ። ከሞጣ የመጣ ሾፌር ከሰዎች ጋር ቆሞ ያወራል። «ያ ባለ ስኬቲንጉ ከማሉዲን እኮ፣ ጉበቱን ታሞ ሞተ። ስንቱን ልጅ ያሳቀ ሰው!» ታዘበው አጠገባቸው ቆሟል። ሾፌሩ አያውቀውም። «ነፍስ ይማር» አለና ወደ በረንዳው ተመለሰ፤ የአንዲት ሴት ጫማ ተረከዝ መምታቱን ቀጠለ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምንም አላወቅሁም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ኋላ ነው።

ዘመድ ሲሞት እንዴት እንደሚነገር በእኛ አገር ደንብ አለው። በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም። ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ በሩ ይንኳኳል፤ አስቀምጠው ያረዱታል። ከዚያ ሰው መሃል ሆኖ አልቅሶ እርሙን ያወጣል። ታዘበውን ያረዳው የለም። አጥንቱም ሃይማኖቱም ሌላ ለሆነ ሰው ማን መርዶ ይዞ ይመጣል?

ኔትወርኩ ሲመለስ ደወለ። ኸይራት አነሳች።

«ተኝቷል» አለችው።

በሌላ ቀን ደወለ። «ገበያ ወጥቷል» አለች። ከዚያ ወዲያ አልደወለም። ይዋሹኛል፣ ከሰው አልቆጠሩኝም፣ ለካ ጫማ ሰፊያቸው ነበርኩ ብሎ አሰበ። ሄዶ እንዳያይ መንገዱ ተመልሶ ተዘግቷል። ሐዘን ላይ ነኝ ብሎ እንዳይቀመጥ፣ ማን ሞተብህ ቢሉት ምን ይላል? የሞተበትን ሰው በሆዱ ይዞ ጫማ ሲሰፋ ከረመ። እኔ ደግሞ ዝምታው ሲብስ ጊዜ «ኧረ አግባ፣ ዝምታ ቤት አይሞላም» እያልኩ እነዘንዘዋለሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ሰማያዊውን ድስት ጥዶ አየሁት።

«መንገዱ ዝግ ነው። ይመጣል እንዴ?»

«አይመጣም» አለ።

«ታዲያ ለማን ነው?»

ሽሮውን ማማሰሉን ቀጠለ። ጠላና የዶሮ እግር ይዤለት ስገባ፣ ሽሮውን በትሪ አቅርቦ፣ ራዲዮኑን አጥፍቶ ብቻውን ይበላል። ከፊት ለፊቱ ያለውን የእንጀራውን ጎን አልነካውም። ዶሮውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። አንድ ማለዳ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ በሬ ተንኳኳ። አንድ ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ በልጅ እግር ሰው ተደግፈው፣ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴትም ከኋላቸው ቆመዋል።

«የታዘበው ጎረቤት ነሽ?»

«ነኝ፣ አባባ።»

«አብዱልዋሂድ ነኝ፤ የከማሉዲን አባት። ልጄ ሞቷል። ታዘበውን ልናረዳው ነው የመጣን። ብቻውን ነውና ጎረቤት ሰብስቢልን።»

ነጠላዬን አዘቅዝቄ የእድሩ ዳኛ የአቶ ሰማው ቤት ሮጥኩ። አቶ ሰማው ደንብ የሚወዱ ሰው ናቸው። መጥተው ሐጂን ሰላም ካሉ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እድራችን ለዘመድ ነው የሚቆመው። ለጓደኛ እንኳ…»

«እኔስ ለዘመዱ አይደል የመጣሁት?» አሉ ሐጂ።

አቶ ሰማው ዱላቸውን አንስተው ከፊት ቀደሙ።

ታዘበው በሩን ከፈተ። ሁላችንንም አየን፤ ሐጂን፣ ኸይራትን፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላችንን። ለምን እንደመጣን ሕፃን እንኳ ያውቃል። እሱ ግን የበሩን መቃን ይዞ፣

«አባባ፣ ምነው በዚህ ማለዳ? ከማሉዲን ደህና ነው?» አለ።

«ግባና ተቀመጥ፣ ልጄ።»

ቤቱ ውስጥ ባለችው አንዲት ወንበር፣ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ሐጂ ትከሻውን ይዘው ነገሩት።

«በስልክ ስትጠይቅ የዋሸንህ ከማሉዲን ሳይሞት አስምሎን ነው። ‹ታዘበው ብቻውን ነው፤ በስልክ እንዳትነግሩት፤ እንዳይሰማ አድርጉና ራሳችሁ ሄዳችሁ፣ ሰው ሰብስባችሁ ንገሩት› አለን። መንገዱ ነው ያቆየን። ሌላውን ዘመድ ሁሉ አርድተናል። የቀረኸው አንተ ነህ።»

ያ ድምፅ የሌለው ሰው ጮኸ። «ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ሲመታ አቶ ሰማው እጁን ያዙት። ኸይራት እግሩ ሥር ተቀምጣ «ዋሸሁህ፣ ዋሸሁህ» እያለች ታለቅሳለች። አንድ ወንበር ብቻ ያለበት ቤት ሞላ። የእድሩ አግዳሚዎች በረንዳችን ላይ ተደረደሩ፤ ከተሰቀሉት ስኬቲንጎች ሥር። በዚያ ሰሞን የሚበላው ሁሉ ሽሮና ምስር እንዲሆን እኔ አዘዝኩ። የተቃወመኝ የለም።

ሠልስቱ አልፎ ሐጂ ከተመለሱ በኋላ ታዘበው ወደ በረንዳው ሥራው ተመለሰ። የሾፌሩንና የመናኸሪያውን ነገር ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ተናደድኩ።

«ታውቅ ከነበረ ያን ማለዳ ለምን ደህና ነው ወይ ብለህ ጠየቅህ?»

ወስፌውን አስቀመጠና አየኝ።

«ማወቁንማ አውቅ ነበር፣ እትዬ። የሚነግረኝ ዘመድ ያለኝ አይመስለኝም ነበር እንጂ።»