ለሦስቱ ጢማሞች የተሰገደች ስግደት

ልጅ ሳለሁ ከአምበር ከተማ በታች ባለችው መንደራችን ከእኔ የባሰ ቀልማዳ አልነበረም፤ ፊደል ባጠገቤ አላለፈም፣ ምላሴ ግን ያኔም ሁለት በሬ ጠምዶ ያርሳል። ማታ ማታ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ኩራዙ እየተርገበገበ፣ የአባቴ አክስት እማሆይ የሻረግ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ያንኑ ታሪክ ያወሩልን ነበር፤ እኔም ሺህ ጊዜ ሰምቼው ሺህ ጊዜ ስቄያለሁ።

ታሪኩ የደርግ ዘመን ነው። አንድ ካድሬ ነበር፤ ሲጮህ ዓባይን ተሻግሮ የሸዋን ውሻ ያስጮኻል። ይህ ሰው እሑድ እሑድ ልክ በቅዳሴ ሰዓት ስብሰባ ይጠራል፤ የቀረ ይታሰራል። በዚህ ሰበብ እማሆይ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደብራችን ደጅ ሳይደርሱ፣ ግድግዳው ላይ የተሳሉትን ሥላሴ፣ እነዚያን ነጭ ጢም ያላቸውን ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሳያዩ ቀሩ።

አንድ እሑድ ካድሬው አዳራሹ ውስጥ የቤት ጣራ የሚያህል ሸራ ዘረጋ። ሦስት ጢማም ፈረንጆች ተስለውበታል፤ ከጢማቸው ሦስት በርኖስ ይወጣል። እማሆይ ጢሙን አዩ፣ ሦስት መሆናቸውን ቆጠሩ፣ በቃ!

«ሥላሴዬ! እኔ መምጣት ቢያቅተኝ አንተው መጣህልኝ?» እልል ብለው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። ሌሎቹም አሮጊቶች ተከተሏቸው።

ካድሬው መጀመሪያ «ሰፊው ሕዝብ ገባው!» እያለ አጨበጨበ። «በስመ አብ» ሲሉ ነው የነቃው።

«አንቺ አሮጊት፣ እነዚህ እኮ እግዚአብሔር የለም ያሉ ናቸው!»

«ውይ ልጄ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ጢም ማን አበቀለላቸው?»

እዚህ ላይ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም የበግ ለምድ አገጬ ላይ አስሬ አንዴ ፈረንጆቹን፣ አንዴ እማሆይን እሆናለሁ። አንድ ምሽት ታዲያ እንደ እርሳቸው እያነከስሁ ሄጄ ተደፍቼ ሰገድሁ። ሁሉም ሳቀ፤ እማሆይ አልሳቁም።

«ጉልበቴ የተሰበረ ያን ቀን ነው» አሉ።

ለካ ካድሬው በጠመንጃ ሰደፍ መትቶ ነው ከስግደታቸው ያስነሣቸው። ይህን ለእኛ ነግረውን አያውቁም። ይባስ ብሎ ለነፍስ አባታቸው «ለጣዖት ሰገድሁ» ብለው ቢናዘዙ አርባ ስግደት ቀኖና ተሰጣቸው፤ በዚያው በተሰበረ ጉልበት ሰገዱት።

«አንተ ነገር አዋቂ ነህ» አሉኝ ፍሙን እያዩ፤ «እስቲ ንገረኝ፣ ያችን ስግደት ማን ተቀበላት? እርሱ ፈጣሪዬ ነው ወይስ እነዚያ ጢማሞች?»

ንዴት የሚባለውን ያኔ አወቅሁት፤ ጆሮዬ እስኪግል፣ ለምዱን ከአገጬ በጥሼ እስክጥል ድረስ። ሰውን ሁለት ዓመት አስርቦ፣ የራበው ያገኘውን ቢጎርስ በሰደፍ መምታት! አርባውን መስገድ የነበረበትስ ማን ነው? ካድሬው አንዲት እንኳ አልሰገደም፤ ዘመን ሲለወጥ ነጠላውን አጣፍቶ ከምእመናን ፊት ቆመ።

እማሆይ መልሱን ሳያገኙ አረፉ። ዛሬም ሰርግ ላይ «የአሮጊቷን ስግደት አሳየን» የሚለኝ አይጠፋም። አላሳይም። የካድሬውን ጭብጨባ ግን መዳፌ እስኪላጥ አሳያለሁ፤ ይሳቅበት!

ጥያቄያቸውን እስካሁን ይዤው እዞራለሁ። እኔ መሐይም ነኝ፣ መጽሐፍ ምን እንደሚል አላውቅም። ወዲያኛው ዓለም ስሄድ ግን፣ ስለ ቅጥፈቴ ከመጠየቄ በፊት እኔ ቀድሜ እጠይቀዋለሁ፦ ጌታዬ፣ ያችን ካልተቀበልሃትማ የማንን ልትቀበል ኖሯል?