የኮምፓስ ወጌሻ

አባቴን የወደቡ ሰው ሁሉ «ወጌሻው» ነው የሚለው። አጥንት አያሽም፤ የሚያቃናው ኮምፓስ ነው። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ጀልባ ውስጥ ሞተሩ ብረት፣ መልሕቁ ብረት፣ የካፒቴኑ የሻይ ጀበና ሳይቀር ብረት ነው። ይህ ሁሉ ብረት የኮምፓሱን ቀስት ወደ ራሱ ይጎትታል። አባቴ ጀልባዋ ላይ ይወጣና ውሃው ላይ ቀስ ብላ ዙሪያዋን እንድትዞር ያደርጋል። በየአቅጣጫው ቀስቱ ስንት ዲግሪ እንደሚስት ከመብራት ማማው ጋር እያመሳከረ ይለካል፤ ከኮምፓሱ ሥር ትንንሽ ማግኔቶች እየጨመረ ያቃናዋል። አልቃና ያለውን ቀሪ ስህተት ደግሞ ካርድ ላይ ጽፎ፣ ማኅተሙን መትቶ፣ ከመሪው አጠገብ ይለጥፈዋል።

«የማይዋሽ ኮምፓስ የለም» ይላል። «ስንት እንደሚዋሽ ካወቅክለት ግን ያደርስሃል።»

የሥራ ክፍሉ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መደርደሪያው ላይ ከድሮ መርከበኞች የተረፈ ዕቃ ሞልቷል፤ የፀሐይን ከፍታ የሚለኩበት የነሐስ መሣሪያ፣ ፍጥነት የሚቆጥሩበት ቋጠሮ ያለው ገመድ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራ፣ ከታች ጎድጎድ ያለ ከባድ ድብልብል። ጎድጓዳው ላይ ሞራ ቀብተው ወደ ባሕር ይጥሉታል፤ ከወለሉ ተጣብቆ የሚወጣውን አሸዋ አይተው የት እንዳሉ ያውቃሉ። ደንበኛ ይህንን ሳይሰማ አይወጣም፤ ቢቸኩልም አይወጣም። ልጅ ሳለሁ አባቴ መርፌ ማግኔት ላይ አሽቶ፣ በቡሽ ሰክቶ፣ ብርጭቆ ውሃ ላይ አንሳፈፈልኝ። መርፌዋ ዞራ ሰሜንን አሳየች።

«በዚህች ነው ባሕር የተሻገሩት» አለኝ።

«አይፈሩም ነበር?»

«ይፈሩ ነበር እንጂ። ለዚህ ነው ደጋግመው የሚለኩት።»

በሳተላይት መንገድ የሚያሳየው መሣሪያ ሲመጣ ብዙዎች አባቴን ናቁት። «ባትሪህ ሲሞት ደውልልኝ» ይላቸው ነበር። አንዱ ካፒቴን «ባትሪዬ ከሞተ በምን ልደውል?» አለውና ሦስት ቀን ተኮራረፉ። አባቴ ግትር ነው። እኔም የወጣሁት ከእሱ ነው።

አንድ የማይጥሰው ሕግ ነበረው። ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቁልፉን፣ ሰዓቱን፣ ቀበቶውን አውልቆ በእንጨት ሣጥን መሬት ላይ ይተዋል፤ አቃኚው ራሱ ብረት ከያዘ ኮምፓሱን የሚያቃናው ለራሱ ኪስ ነው። ይህንን የምትቆጣጠረው እናቴ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የካፖርቱን አዝራሮች እንኳ ከእንጨት ነው የሠራችለት። ጠዋት ጠዋት በር ላይ አቁማ ኪሱን አንድ በአንድ ትዳስሰዋለች። «ባዶ ነህ፤ ሂድ» ትለዋለች። እሱም እየተነጫነጨ ይዳሰሳል።

እናቴ የሞተች ሰሞን የአጎቴ ጀልባ ኮምፓስ የሚቃናበት ቀን ደረሰ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው፤ የዓሣ ጀልባ ካፒቴን ነበር። «ጋሼ፣ ይቆይ ግዴለም» ቢለው አባቴ «ሥራ ይሻለኛል» አለና ካፖርቱን ደርቦ ወጣ። በር ላይ የሚዳስሰው ሰው አልነበረም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ባሕሩ ላይ ጭጋግ ወረደ። የሳተላይት መሣሪያው ተበላሽቶ ስለነበር አጎቴ በኮምፓሱና በካርዱ ብቻ እየመራ ሲመለስ ቋጥኝ ላይ ወጣ። አምስቱም ሰዎች ተረፉ፤ ጀልባዋ ግን ከነኮምፓሷ ሰጠመች። የወደቡ ጽሕፈት ቤት መርማሪዎች ሲሰበሰቡ አጎቴ «ኮምፓሱ ዋሽቶኛል» አለ። አባቴን ጠየቁት።

«ካርዱ ልክ ነው። የሳተው መሪ የያዘው እጅ ነው» አለ።

የአጎቴ ፈቃድ ለሦስት ዓመት ታገደ። የአንድ እናት ልጆች ሆድና ጀርባ ሆኑ። አጎቴ የበረዶ ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ከሦስት ዓመት በኋላ «ፈቃድህን ውሰድ» ቢሉት አልሄደም። አባቴም ይህን ሲሰማ «አላልኳችሁም? ልቡ ያውቀዋል» አለ። እኔም አመንኩት።

እንዲህ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። እኔ ሥራውን ተምሬ ባለፈው ዓመት የራሴን ማኅተም አገኘሁ። አባቴ ዓይኑ ደከመ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሥራ ክፍሉን ሳጸዳ፣ እናቴ ከሞተችበት ሰሞን ወዲህ ያልለበሰውን ካፖርት ለሰው ልሰጠው ብዬ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። አጠገቡ የነበረው የመሞከሪያ ኮምፓስ ቀስት ዞረ።

አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው አባቴም እኔም አየነው። አባቴ ካፖርቱን አራቀው፤ ቀስቱ ተመለሰ። አቀረበው፤ ዞረ። የደረቱን ኪስ ሲዳስስ ቀዳዳ አገኘ፤ ከቀዳዳው ሥር፣ ገበሩ ውስጥ፣ የእናቴ የክር መቀስ ነበር። ወለል ላይ የወደቀ መርፌ እንዲያነሳላት ራሷ የእሱ ማግኔት ላይ ታሸው የነበረው መቀስ።

«የቀብሯ ቀን ከስፌት መኪናዋ ላይ ያነሳሁት ነው» አለ። «አንድ ነገሯን ልያዝ ብዬ። መቃብሩ ጋ የጣልኩት መስሎኝ ነበር።»

ካፖርቱን ለበሰና ጀልባ ላይ እንደሚቆመው ኮምፓሱ ላይ ጎንበስ አለ። «አንብቢ» አለኝ።

«ዘጠኝ ዲግሪ።»

ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አባቴ ግን መውጋቱንም አላወቀ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ለስማችን ነው። ወጌሻው ተሳሳተ ከተባለ የልጁን ማኅተም ማን ያምናል? «አባዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል እኮ። ማን አየ?» አልኩት። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

«አንቺ አየሽ፤ እኔም አየሁ። ስንት ሰው ነው የሚበቃሽ?»

ባዶ ካርድ አወጣ። የጀልባዋን ስምና ቀኑን ጻፈ፤ ከሥሩ «አቃኚው ብረት ይዞ ነበር። ስህተቱ ዘጠኝ ዲግሪ። የመሪው እጅ አልሳተም» አለና ማኅተሙን መታ። ሌላም ካርድ እንዲሁ ጻፈ። አንዱን ከነማኅተሙ ለወደቡ ጽሕፈት ቤት አስረከበ። ሌላውን ካርድና መቀሱን ይዘን ወደ በረዶ ፋብሪካው ሄድን።

አጎቴ ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ተቀምጧል። አባቴ ካርዱን ሰጠው። አጎቴ ሁለት ጊዜ አነበበው። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔ እኮ አምኜህ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የመጀመሪያውን ዓመት ኮምፓሱ ነው እያልኩ ጮህኩ። ከዚያ ግን ወንድሜ አይሳሳትም አልኩ። እሱ እጅህ ነው ካለ እጄ ነው አልኩ። ፈቃዴን ያልወሰድኩት ለምን ይመስልሃል? ደግሜ ሰው ቋጥኝ ላይ እንዳላወጣ ብዬ ነው።»

አባቴ አለቀሰ። በእናቴ ቀብር እንኳ እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁትም። «ይቅር በለኝ» አለው።

አጎቴ መቀሱን ከአባቴ እጅ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «የእሷ ነው?» አለ። «የእሷ ነው» አለ አባቴ። አጎቴ መቀሱን ኪሱ ከተተው። «አሁን ሂድ» አለው። ሄድን። አባቴ መንገዱን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። የአንድ አዲስ የዓሣ ጀልባ ባለቤት ኮምፓሷን እንዳቃና ጠራኝ። አባቴም አላስቻለው ብሎ የእንጨት ሣጥኑን ታቅፎ ወደቡ ላይ ቆሟል። ቁልፌንና ሰዓቴን አስረከብኩት። ባለጀልባው የቀጠረው ካፒቴን ከኋላዬ መጣ፤ አጎቴ ነበር፣ የታደሰውን ፈቃድ በላስቲክ ጠቅልሎ።

ቀበቶውን ፈታ፤ ቁልፉን አወጣ። በመጨረሻ ከደረት ኪሱ መቀሱን አውጥቶ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እስክመለስ ያዝልኝ» አለ።

አባቴ ሣጥኑን መሬት ላይ አኖረው። ከዚያ ወንድሙን አቁሞ ኪሱን አንድ በአንድ ዳሰሰው።

«ባዶ ነህ፤ ሂድ» አለው።