ጃንሜዳ ላይ ያጠረው ደረጃ

በአራዳና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ የምትነግዱ፣ ታክሲ የምትጠብቁና ያለሥራ የቆማችሁ ሁሉ ይታወቃችሁ! ቁመቱ ከጦር መኪና ጎማ እምብዛም የማይበልጠው በያጅ አጽብሐ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው ግቢው፣ በስልሳ አንድ ዓመቱ፣ የደረጃ ሠሪዎች ሁሉ አለቃ መሆኑን ራሱ ለራሱ አውጇል። ተቃዋሚ አልተገኘም። ሰሚም አልተገኘም።

አዋጁ ያለ ምክንያት አልወጣም። ደግ እጅ የሚባል ማኅበር ጦሩ በጨረታ ከሸጣቸው አሮጌ መኪናዎች አንዱን ገዛና፣ ድሮ የመገናኛ ሬዲዮ ይቀመጥበት ከነበረ የብረት ሳጥን ቤት ጋር አምጥቶ፣ ይኼን በዚያ ላይ ጫንና ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ አድርግልን አለው። ብየዳን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቀው ሊቀመንበሩ አቶ አርአያ፣ ሳጥኑ ከሻንሲው፣ ከመኪናው አጽም ጋር፣ ድርቅ ተደርጎ ይበየድ ሲል አዘዘ። አጽብሐ እንቢ አለ። የጦር መኪና ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ የተበየደበት ሳጥን ደግሞ መጠማዘዝ ስለማያውቅ ይቀደዳል። ስለዚህ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አነጠፈ፤ ሳጥኑን ስፕሪንግ ባላቸው ረጃጅም ብሎኖች አሰረው።

መኪናው አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ነበር የቆመው። አጽብሐ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አነሣና ግንድ ወተፈባቸው። ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ ቢያስቀምጥ አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ አለች። ከዚያ ከኋላው በር ጀምሮ ሰባት እርከን ያለው፣ የሚታጠፍ የቱቦላሬ ደረጃ ሠርቶ እግሩን መሬት ላይ አሳረፈ። ርክክቡም እዚያው ግቢ ውስጥ ተፈረመ።

እያንዳንዱን እርከን ከአንድ ስንዝር ያላስበለጠው ለአንዲት ሴት ጉልበት ብሎ ነው። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቱ እማማ አስካለ ስኳር አለባቸው፤ ጉልበታቸው ከስንዝር በላይ አይነሣላቸውም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ለምርመራ በታክሲ ሲንገላቱ ያያቸዋል። እናም ደረቱን ነፍቶ፣ በእኔ ደረጃ ነጠላዎ እንኳን ከትከሻዎ ሳይወርድ ይወጣሉ ብሎ ቃል ገባላቸው።

ምረቃው ጃንሜዳ ሆነ። መኪናው ቆመ፣ ደረጃው ተዘረጋ፣ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አጽብሐ ጎንበስ ብሎ አየ። መጀመሪያ የጠረጠረው ጃንሜዳን ነው፤ የደለደሉት ሰዎች ተሳስተው ይሆናል ብሎ አሰበ። ዳገት ላይ ተወልዶ፣ ዳገት ላይ አግብቶ፣ ዳገት ላይ ሲበይድ የኖረ ሰው መኪናውን በውሃ ልክ ይለካል እንጂ መሬቱን መለካት ከየት ትዝ ይለዋል? ግቢው ውስጥ የደረጃው እግር ያረፈበት መሬት ከኋላ ጎማዎቹ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ዳገት ነበር። ለሱ ዓይን ግን ሜዳ ነው።

የመጀመሪያዋ ታካሚ እንዲሆኑ የተጋበዙት እማማ አስካለ ደረጃውን አዩ፤ እሱን አዩ።

«አጽብሐ ልጄ፣ ይኼን ለኔ ነው የሠራኸው ወይስ ለፍየል?»

«ለእርስዎ ነበር፣ እማማ። ልኩን የወሰድኩት ግን ግቢዬ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ግቢህን አምጣልኝ።»

ሹፌሩ ሚናስ ከግሮሰሪ ባዶ የቢራ ሳጥን ለምኖ አመጣና ከደረጃው ሥር ገለበጠው። አቶ አርአያ እሱ ላይ ቆሞ ስለ ዘመናዊነት ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበ። እማማ አስካለ ግን ሳጥኑ ሲወላገድባቸው የአጽብሐን ትከሻ ጨምድደው ይዘው ወጡ። ነጠላቸው ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሣላቸው፤ ቀና ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

በሁለት ቀን ውስጥ የጎደለውን ስምንተኛ እርከን ሠራ። በሁለት ብሎን ይገባል፣ በማጠፊያ ይታጠፋል፣ ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ዋጋም አይጠይቅም። ተሸክሞት ቸርችል ጎዳና ወደሚገኘው የማኅበሩ ቢሮ ወረደ። አቶ አርአያ በትሕትና ተቀበለው።

«ጋሽ አጽብሐ፣ እኛ መኪናውን በሰባት እርከን ነው የተረከብነው። ስምንተኛውን ከየት አመጣሁት እላለሁ?»

ነገሩ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይታያል ተባለ። ኮሚቴው ግን አልተሰበሰበም። የቢራ ሳጥኑ በበኩሉ ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበት ተመዘገበ፤ ዛሬ ከአጽብሐ እርከን ይልቅ ሕጋዊው እሱ ነው።

እርከኑ የአጽብሐ በር ሥር ተደግፎ ቆሟል። እማማ አስካለ ለምርመራ ሲሄዱ በከዘራቸው መታ አድርገውት ያልፋሉ። እሱም የሚደገፉበትን ትከሻውን ይዞ ይከተላቸዋል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ስለ ሕዝብ ጥቅም የምትፈጽሟት አንዲት ቀላል ተግባር አለች። መኪናው ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ይቆማል። ከደረጃው ሥር ቀይ ቁጥር ያለበት የቢራ ሳጥን ታያላችሁ። ይህ ኮሚቴ የሚሰበሰበው ደግሞ ንብረት ሲጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ እማማ አስካለ ወርደው ከሄዱ በኋላ፣ ሚናስም ፊቱን ሲያዞር፣ የማያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ያንን ሳጥን ብድግ አድርጋችሁ…