ማድጋ ውስጥ ቻርጅ የሚደረግ ሲጋራ

ባለቤቴ ሲጋራ ለመተው የወሰነው፣ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር ሳል ይዞት ተማሪዎቹ ደግፈው ወንበር ላይ ካስቀመጡት በኋላ ነው። የታሪክ መምህር ነበር። እኔ ከደብረ ማርቆስ አሶሳ ተመድቤ መጥቼ በአንድ የክልሉ ቢሮ የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ። ያኔ ክልሉ በየስብሰባው «አዲስና ታዳጊ» ይባል ነበር፤ ቢሮአችንም ታዳጊ ስለነበር ስድስት ሆነን ሁለት ጠረጴዛ እንጋራለን።

ባለቤቴ ግን የአሶሳ ልጅ ነው። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። ታናሽ ወንድሙ ጉባ ላይ፣ ግድቡ ጋ ብየዳ ይሠራል። ያን ነገር ያመጣለት እሱ ነው።

«ሳልህን ሰማሁ» አለው፣ ለበዓል የመጣ ጊዜ። «ይቺን ከአንድ ፈረንጅ ሠራተኛ ነው ያገኘኋት። የባትሪ ሲጋራ ትባላለች። እሳት የላት፣ አመድ የላት።»

እስክሪብቶ የምታክል፣ ወፈር ያለች ጥቁር ዘንግ ነበረች። ሲስቧት ጫፏ ላይ ሰማያዊ መብራት ይበራል፤ የምታወጣው ጢስ ደግሞ የእንጆሪ ከረሜላ ይሸታል። ባለቤቴ በጣም ደስ አለው። ሳምንቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከረሜላ የሚሸት ደመና ሲያመርት ሰነበተ። እኔም ቤቴ ትምባሆ መሽተቱ ስለቀረ ወንድምየውን መረቅኩት።

ደስታው በሳምንቱ አለቀ። ያበላሸው የፊዚክሱ መምህር ነው። ይህ ሰው የባለቤቴ የቅርብ ጓደኛ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ያለን ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚፈነዳ ማስረዳት ይወዳል።

ያን ቀን ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ እግሮቹን አንፈራጥጦ፣ ፈረስ ላይ እንደዋለ ሰው እየተራመደ ግቢ ገባ።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ሊቲየም ነው» አለኝ በዝግታ።

ደነገጥኩ። የበሽታ ስም መሰለኝ። «ሐኪም ቤት ሄድክ? መድኃኒት ሰጡህ?»

«ባትሪው ነው የኔ እናት! ኪሴ ያለው ባትሪ!»

የፊዚክሱ መምህር በስልኩ ቪዲዮ አሳይቶታል። አንድ ሰውዬ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሳለ የሱሪው ኪስ ቦግ ይላል። ሰውዬው ሲዘል፣ ሲሽከረከር፣ በመጨረሻም ሱሪውን ጥሎ ሲሮጥ ይታያል። «ቁልፍ ከነካው፣ ሳንቲም ከነካው፣ ሙቀት ከበዛበት አለቀልህ» ብሎታል።

«እና በሸሚዝህ ኪስ ያዘው» አልኩት።

«ልቤ ላይ?»

«እሺ፣ በሱሪህ።»

«ገና ልጅ አልወለድንም እኮ!» አለኝ፣ በተቆጣ ድምፅ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም አጣ። መጀመሪያ ሲጋራውን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተው። በማግስቱ የፊዚክሱ መምህር «ቆርቆሮ እኮ ብረት ነው፤ ከፈነዳ ስብርባሪው ይገድልሃል» አለው። ካልሲ ውስጥ ከተተው። «ካልሲ ይነዳል» ተባለ። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ የጣለው የእንጨት የጠመኔ ሳጥን አገኘና አሸዋ ሞልቶ፣ መሐል ላይ ቀበረው። ማጨስ ሲያምረው ሳጥኑን እንደ ንብ ቀፎ ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ይወጣል፤ አሸዋውን ይጭራል፣ ዘንጓን ያወጣል፣ እፍ እፍ ብሎ ያራግፋታል፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣታል፣ ሁለት ጊዜ ይስባል፤ ከዚያ መልሶ ይቀብራታል። ጥርሱ መሐል ሁልጊዜ አሸዋ ይንቀጫቀጫል።

ትልቁ ፈተና ቻርጅ ማድረጉ ነበር። አሶሳ ላይ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ አንዳንድ ቀን እንደ ጎርፍ ነው፤ የጎረቤታችንን ቴሌቪዥን አቃጥሏል። ስለዚህ ባለቤቴ ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግን ከለከለ። ከኩሽናው ጀርባ ባዶውን የተቀመጠ አንድ ማድጋ አገኘ፣ እያንከባለለ ማንጎው ዛፍ ሥር አደረሰው፣ ታቹን አሸዋ አለበሰው። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመድ በመስኮት አወጣና ሲጋራውን ማድጋው ውስጥ ሰክቶ ክዳኑን ገጠመበት። እሱ ራሱ አሥር እርምጃ ርቆ፣ በአሸዋ የተሞላ ባልዲ አጠገቡ አድርጎ በርጩማ ላይ ይቀመጣል።

«ሳይጠበቅ ቻርጅ አይደረግም» ይለኛል። «አንቺ እስከ አራት ሰዓት ጠብቂ፣ ከዚያ እኔ እረከብሻለሁ።»

የመንግሥት ዕቅድ አዘጋጅ የነበርኩት ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ማድጋ ጠባቂ ሆንኩ።

ማድጋው የእኛ አልነበረም። የአከራያችን ነበር። አከራያችን ከካማሺ የመጡ የጉሙዝ አሮጊት ናቸው። ክልሉ ሲቋቋም ልጃቸው ሥልጣን አገኘና አሶሳ ላይ ቤት ሠርቶ አመጣቸው፤ እሱ ግን ከስብሰባ ስብሰባ እየዞረ እቤቱ አይገኝም። እማማ ነበር የምንላቸው። አማርኛቸው መልእክቱን በደንብ ያደርሳል፣ ወንድና ሴት መለየቱ ላይ ግን ብዙ አይጨነቅም። እኔን «አንተ» ባለቤቴን «አንቺ» ይሉናል። እኔም በእሳቸው ቋንቋ ከሰላምታ አልፌ ስለማላውቅ ነገሩን ትቼዋለሁ።

እማማ የራሳቸው ማጨሻ አላቸው። ጋያ ይባላል፤ ከቅል የተሠራ፣ ታቹ ውሃ ያለበት፣ ረጅም አንገት ያለው የትምባሆ ዕቃ ነው። ከሰዓት በኋላ ጥላው ሥር ተቀምጠው ሲስቡት ቅሉ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ባለቤቴ ከባልዲው አጠገብ፣ እሳቸው ከጋያቸው ጋር፣ በማንጎው ጥላ ዳርና ዳር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

«አንቺ ምን ትጠብቃለህ?» አሉት አንድ ቀን።

«ሲጋራዬን ነው እማማ።»

«ማን ሊሰርቀው?»

«እንዳይፈነዳ ነው።»

እማማ ጋያቸውን አየት አደረጉት። «የኔ ውሃ አለው» አሉ። «አይፈነዳም።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ባለቤቴ ጠዋት ሲጋራውን ማድጋው ውስጥ እንደሰካ መብራት ሄደ። ወዲያው እንደማይመለስ ስለገመትን ገመዱን ከግድግዳው ሳይነቅል ገበያ ወጣን። ይህን ስህተቱን በኋላ አርባ ጊዜ ያህል ተናዝዞበታል።

እኩለ ቀን ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ተሸክመን ስንመለስ መብራቱ መጥቷል። የግቢውን በር ገፋ እንዳደረግን ባለቤቴ ቆመ፤ ክንዴንም ጨመቀኝ።

«ትሰሚያለሽ?»

ሰማሁ። ከማንጎው ሥር ትስስስ የሚል ድምፅ ይመጣል። የማድጋው ክዳን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀና ብዬ ሳየው በጠርዙ በኩል ቡኒ አረፋ እየወጣ ይንጠባጠባል።

«ተኚ!» ብሎ ጮኸ።

በሕይወቴ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ሽንኩርቱ ተበተነ። እሱ ጎንበስ ብሎ ቤት ሮጠና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ፣ ከዚያ የአልጋችንን ስፖንጅ ፍራሽ ተሸክሞ ወጣ። ፍራሹን እንደ ጋሻ ከፊቱ አቆመና፣ በሌላው እጁ ባልዲውን እየጎተተ፣ በጉልበቱ ወደ ማድጋው ይድህ ጀመር። ፍራሹ ፊቱን ስለጋረደው ቀጥታ መሄድ አልቻለም፤ ሁለት ጊዜ ወደ አጥሩ ሄደ።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እላለሁ እኔ መሬት ላይ ተጋድሜ።

«የማን ግራ?»

በመጨረሻ ደረሰ። በእግሩ ጣት ክዳኑን ገፍትሮ ጣለና ባልዲ ሙሉ አሸዋ ገለበጠበት። ማድጋው ቡልቅ አለ። አረፋው ግን ጭራሽ ባሰበት፤ በአራቱም በኩል ገንፍሎ ፈሰሰ።

«ሊቲየሙ ፈላ!» አለ ባለቤቴ። «ደውዪለት!»

ለማን እንደምደውል መጠየቅ አላስፈለገኝም። የፊዚክሱ መምህር ወዲያው አነሳ።

«እየፈላ ነው!» አልኩት።

«ተረጋጊ እህቴ። ጢሱ ምን ዓይነት ቀለም አለው?»

«ጢስ የለውም። አረፋ ነው። ቡኒ።»

«ቡኒ?» አለ። «ሽታውስ? እንዳትጠጊ ግን!»

ሽታው ሳልጠጋውም ደረሰኝ። «ብቅል ብቅል ይላል» አልኩት። «የማሽላ ብቅል። ደስም ይላል።»

«እህቴ፣ የትኛውም ባትሪ ብቅል አይሸትም» አለኝ።

በዚህ ጊዜ እማማ ከኩሽናው ጀርባ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ፍራሹን አዩ፣ ቀጥሎ ባልዲውን፣ ከዚያ ማድጋቸውን። እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

«ቦርዴዬን!» አሉ። «አሸዋ ማን ጨመረው?»

ይህን ሲሉ ከአፋቸው የእንጆሪ ከረሜላ የሚሸት ነጭ ደመና ተከትሎ ወጣ።

ነገሩ ቆይቶ ሲገባን እንዲህ ነበር። እማማ ጠዋት ለጠመቁት ቦርዴ፣ ለማሽላ መጠጣቸው፣ ዕቃ አልበቃ ብሏቸው፣ ማንጎው ሥር ያስቀመጥነው ማድጋቸው ትዝ ይላቸዋል። አሸዋውን ይደፋሉ፣ ያጥቡታል፣ ቦርዴውን ይገለብጡበታል። ጉሽ ቦርዴ በአሶሳ ሙቀት ሲብላላ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ውስጡ ያገኙትን ዘንግ ግን አልጣሉትም። ከገመዱ አላቅቀው፣ ገመዱን መሬት እንዳይነካ ማድጋው አንገት ላይ አስረው፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሲያጨሱት ቆይተዋል።

«እማማ ከአፍዎ ያውጡት! ይፈነዳል!» አለ ባለቤቴ፣ ፍራሹን ሳይለቅ።

እማማ ዘንጓን አገላብጠው አዩአት። አንድ ጊዜ ደግሞ ሳቡ፤ ሰማያዊው መብራት በራ።

«እሳት የለው፣ ውሃ የለው፣ ትምባሆ የለው» አሉ። «ጢስ ከየት መጣ?»

እኔ ባለቤቴን አየሁት። እሱ ስልኩን አየው። ስልኩ ውስጥ ያለው የፊዚክስ መምህር ስለ ተን ማብራራት ጀምሮ ነበር፣ ግን ማንም አልሰማውም።

«እና አንቺ» አሉ እማማ ባለቤቴን እያዩ፣ «ይኼን ያህል ከፈራህ ለምን አፍህ ውስጥ ትከታለህ?»

ባለቤቴ ፍራሹን አወረደ። ሳቄ መጣ፤ ተኝቼ ስለነበር ለመሳቅም ምቹ ነበር። እማማም ቦርዴያቸውን ረስተው ሳቁ። ሲስቁ ጢሱ በአፍንጫቸው ስለወጣ አስነጠሳቸው።

ቦርዴው ግን በሳቅ አልታለፈም። እማማ ሰኞ እንግዶች ነበሯቸው። ባለቤቴ ለካሳ ያህል ብቅል ሲወቅጥ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ማድጋ ሲያጥን እሑዱን በሙሉ ዋለ። እማማ በርጩማው ላይ ተቀምጠው «ይኼ ቀጠነ፣ እንደገና» ይሉታል። እጁ ውኃ ቋጠረ። የፊዚክሱ መምህርም ሊጎበኘን መጥቶ ሙቀጫ ያዘ፤ ሙቀጫ ይፈነዳል አላለም።

እማማ ዘንጓን መለሱልን። «ከረሜላ ነው፣ አያጠግብም» ብለው። ባለቤቴ ግን ከዚያ ወዲያ ሊነካት አልደፈረም፤ ማድጋ ውስጥ ውላለች፣ ቦርዴ ነክቷት ይሆናል፣ ውስጧ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል እያለ። ለመጣልም ፈራ። ቆሻሻ ጋር ብትጣል ይቃጠላል አለ፤ ሽንት ቤት ብትገባ ግቢው ይነሣል አለ፤ ማንጎው ሥር ብትቀበር ፍሬው ይመረዛል አለ። በዚህ ሁሉ ጭንቀት መሐል ሦስት ወር ሙሉ ሲጋራ ያላጨሰ መሆኑን ያስተዋልኩት እኔ ነኝ። ስነግረው ደነገጠ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝና ሳል ይኖር እንደሆነ ሊሞክር ጉሮሮውን ጠረገ። የለም።

በመጨረሻ ዘንጓን አሸዋው ሳጥን ውስጥ ከትቶ ወደ ወላጆቹ መንደር ሄደና፣ ከበቆሎው ማሳ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ኩይሳ አጠገብ ቆፍሮ ቀበራት። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «አለቀ» አለኝ።

በሁለተኛው ቀን አባቱ ደወሉ። ልጃቸው ሣጥን ይዞ መጥቶ ማሳ ዳር ሲቆፍር ጎረቤት አይቶ ነግሯቸዋል፤ እሳቸውም ቆፍረው አውጥተዋታል።

«አያ» አሉት፣ በዚያ በማይለቃቸው የወሎ አነጋገር፣ «ይቺ ፊሽካ ነች? ስነፋት ትበራለች እንጂ አትጮህም።»

ባለቤቴ በሌላው እጁ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

«አባ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አይንፉ። አሁን የት ነው ያለችው?»

«የት ትሆናለች? ኪሴ ውስጥ ነዋ፣ ከቁልፉ ጋር።»

ባለቤቴ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ወደ መናኸሪያ ሮጠ።